የጾሙም የፍስኩም ቀን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ሳምንት ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱኝ ደብዳቤዎች በየፊናቸው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ራስን መግዛት እስከ የት ነው?

«የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ፤ ፈተናዬ ቀርቧል። ከሰዓት በኋላ ግን ሁልጊዜ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ ነኝ። ልቀንስ ወይስ ጨርሼ ልተው?» (ከሳቢያን)

ወንድሜ፣ ሙቀቱ በርትቶ ሱቆች ሲዘጉ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ መጫወት ምን ያህል እንደሚጥም አውቃለሁ። ዋጋውን የምትከፍለው ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አነቃቂ በመሆኑ እንቅልፍን ያባርራል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ከሰዓት ሲቅም የዋለ ሰው ሌሊቱን ዐይኑ ፈጥጦ ያድራል፤ በከተማችን ለጥናት የሚመቸውን ቀዝቃዛውን የንጋት ሰዓት ደግሞ በእንቅልፍ ያሳልፈዋል።

ከዚህም የባሰ አለ። በምርቃና ላይ ፈተናው ያለፈ፣ ሥራው የተገኘ፣ ቤቱ የተሠራ ይመስላል። መጽሐፉ ሳይገለጥ የስኬቱ ደስታ ቀድሞ ያልቃል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ብዙ ብሩህ ልጆች በዚህ መንገድ ሲቀሩ አይተናልና።

ስለዚህ እስከ ፈተናው ድረስ በርጫውን ተው፤ ጓደኞችህን ግን አትተዋቸው፣ አመሻሽ ላይ ሻይ እየጠጣችሁ ተጫወቱ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለደብተርህ ስጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርትና ዱካክ ሊያስቸግሩህ ይችላሉ። ሞክረህ ካቃተህ ራስህን ከመውቀስ ይልቅ የጤና ባለሙያ አማክር።

«ከረመዳን በኋላ ስድስቱን የሸዋል ቀናት ጾመን ስናበቃ በሸዋል ኢድ ጭፈራው ይደምቃል። የጾምነውን በደስታ አናባክነውም?» (ከጁገል)

የሃይማኖቱን ብይን ለዑለማዎቹ እተዋለሁ። እኔ የምለው፣ ጾምን አጥብቀው የያዙት ሃይማኖቶቻችን ለደስታም ቀን ቆርጠዋል። በዒድ አልፈጥር ዕለት መጾም በእስልምና ክልክል ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ሸዋል ኢድ የጾሙ ማብቂያ በዓል ነው፤ ያለ ጾሙ ትርጉም አይኖረውም። ፍስክ የማያውቅ ጾመኛ ውሎ አድሮ ይመርራል፤ የሰው ሳቅ እንኳ ያናድደዋል። እናንተ ግን ጨፍሩ!

«የአምስት ዓመት ልጄ ከረሜላ አይታ መታገሥ አትችልም። ወደፊት በትምህርቷ ትቸገር ይሆን?» (ከከዚራ)

አይጨነቁ፣ እህቴ። ዋልተር ሚሸል የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በጣፋጭ የሕፃናትን ትዕግሥት ፈትኖ፣ የታገሡት ኋላ በትምህርት እንደሚሻሉ በማሳየቱ ታዋቂ ሆኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በብዙ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ግን የቤተሰብ ሁኔታ ሲታሰብ ትዕግሥቱ ከኋላ ውጤት ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ እንደሚያንስ አሳይቷል። እርስዎ ብቻ «ከምሳ በኋላ እሰጥሻለሁ» ካሉ ይስጧት። ቃል የሚከበርበት ቤት ያደገ ልጅ ለመጠበቅ ምክንያት አለው።

«ለቤት መሥሪያ ዕቁብ እጥላለሁ። ለራሴ ልብስ ስገዛ የሰረቅሁ ያህል ይሰማኛል። የእህቴ ሠርግ ደርሷል፤ አሮጌ ቀሚሴን ልልበስ?» (ከድሬዳዋ)

አንቺስ ከሳቢያኑ ወጣት በተቃራኒው ወገን ነሽ፤ ብዙ ሰው ስለሚያመሰግንሽ ግን ችግርሽን የሚያይልሽ የለም። ራን ኪቬትዝና አናት ካይናን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ቅርብ ጊዜን ሲያስቡ በመዝናናታቸው እንደሚጸጸቱ፣ ዓመታት አልፈው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ግን ያመለጣቸው ደስታ ይበልጥ እንደሚቆጫቸው አሳይተዋል። የእህትሽ ሠርግ ደግሞ አንዴ ነው።

ቤቱን ተዪው አልልሽም፤ ዕቁብሽን ሳታጓድዪ ጣዪ። ነገር ግን ዕጣው ሳይደርስሽ በፊት ከሱ ላይ ለደስታ የሚሆነውን ድርሻ ወስነሽ ጻፊው። አስቀድመሽ ስለወሰንሽው ሲወጣ አያስደነግጥሽም፤ ከተወሰነው በላይ ልታወጪ ስትዪም ወረቀቱ ይይዝሻል። ለዚህ ሠርግ ግን ዕጣ አትጠብቂ፤ ከወር ደመወዝሽ ጥቂት ቀንሰሽ በዚህ ሳምንት ቀፊራ ገበያ ውረጂና ጨርቁን ምረጪ፤ ልብስ ሰፊው ጊዜ ይፈልጋል።