የመኪናችሁ ኋላ ሲጮህ፦ ወደ ጎንደር ለምትመጡ ወገኖች

ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ወደ ጎንደር ስትመጡ ብዙዎቻችሁ የዘመድ መኪና ትይዛላችሁ። ሌሎቻችሁ ትከራያላችሁ። የቶዮታ ሃይሉክስ፣ ሃይስ ወይም ቪትዝ ነው የሚደርሳችሁ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ብዙ ዳገት የወጣ መኪና ነው። ውጭ አገር መኪናው ራሱ መብራት አብርቶ "ልታይ" ሲላችሁ ለምዳችኋል። የኋላ ኩሽኔታ (ጎማው ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርገው የብረት ቀለበት) ሲያልቅ ግን እዚያም ሆነ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚበራ መብራት የለም። የሚነግራችሁ ድምፁ ነው።

ስለዚህ ሬዲዮኑን ዝጉና አዳምጡ። ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ሳታውቁ ጋራዥ አትግቡ። መካኒኩን "ከኋላ ይጮኻል" ብቻ ካላችሁት መገመት ይጀምራል። ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ባለ ጥርስ ክፍል) ላይ ያርፋል። ዲፈረንሻል እንደ ሌላው ዕቃ ተፈቶ ዝም ብሎ የሚገጠም አይደለም። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በጣም በጥንቃቄ ካልተስተካከለ፣ ደህና የነበረው ከተፈታ በኋላ ማልቀስ ይጀምራል። ሰው በከንቱ ገንዘቡን ሲያፈስ ማየት ያሳዝነኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ኋላውን ባዶ አድርጉ። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ጀሪካን ሁሉ ይውጣ። ከሥርም እዩ። የሃይሉክስ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ከሥር በሰንሰለት ነው የሚንጠለጠለው። ከውጭ የመጣ የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም የኋላ አሞርዛተር (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደውን) ሊያስቀይር ዋጋ ተስማምቶ ነበር። ከመኪናው ሥር ገብተን ስኮርታውን በእጃችን ገፋ ስናደርገው ግው ግው አለ። ሰንሰለቱን በማጥበቂያው ዘንግ ሳብ አደረግነውና ድምፁ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ከተማዋን መሞከሪያ አድርጓት። ሰፈር ውስጥ ያለው ኮብልስቶን ለዚህ ጥሩ ነው። መስኮቱን ከፍታችሁ በዝግታ ሂዱ። እዚያ ላይ የሚያንኳኳ ነገር ካለ የባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ወይም የአሞርዛተር ጎሚኒ፣ የተሰበረ ባሌስትራ ወይም የላላ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ነው። የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ማርሚታውን ለነገ አታሳድሩት፤ በተለይ ከኋላ ሕፃናት ከተቀመጡ።

የሚያጉረመርም ድምፅ ከሆነ ግን ኮብልስቶን ምንም አይነግራችሁም። ወደ አዘዞ የሚወስደውን አስፋልት ያዙ፤ መንገዱ ጭር ሲል በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከሹፌር ወንበር የሚሰማ ድምፅ ያታልላል። በተለይ ሃይስ ውስጡ ሰፊ ስለሆነ የቀኙ የግራ፣ የፊቱ የኋላ ይመስላል።

አሁን ነዳጅ ስጡ፣ ከዚያ ልቀቁ። ነዳጅ ስትሰጡ የሚያለቅስ፣ ስትለቁ የሚጠፋ ወይም ድምፁን የሚለውጥ ከሆነ ዲፈረንሻሉን መጠርጠር ተገቢ ነው። ነዳጅ ብትሰጡም ብትለቁም የማይለወጥ፣ ከፍጥነቱ ጋር ብቻ የሚጨምር ከሆነ ወይ ኩሽኔታ ነው ወይ ጎማ። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የጎማ ድምፅ አስፋልቱ ሲለሰልስና ሲሻክር ይለዋወጣል። ኩሽኔታ መንገድ አይመርጥም። መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ ስታጥፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ጉርምርምታው ከጨመረ የቀኙን ኩሽኔታ አስፈትሹ። ወደ ቀኝ ሲሆን የግራውን።

ቪትዝ የምትነዱ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። አብዛኛው ቪትዝ የሚጎተተው በፊት ጎማ ነው። ኋላው ላይ ዲፈረንሻል የለውም። "የኋላ ዲፈረንሻሉ ነው" የሚላችሁ ሰው ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሃይሉክስና ሃይስ ላይ ዲፈረንሻል ከተጠረጠረ እንኳ መጀመሪያ ዘይቱ ይታይ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ይቀዝቅዝ። ከዲፈረንሻሉ ጎን ያለው የመሙያ ቡሎን ይፈታ፤ የታችኛው ማፍሰሻ በመጀመሪያ አይነካ። የላይኛው እምቢ ካለ ታች ያፈሰሳችሁትን በምን ትሞላላችሁ? ጣታችሁን ስታስገቡ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። ጎድሎ ከሆነ የት እንደሚያፈስ ፈልጉ። ዘይቱን በሁለት ጣት አሹት። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የተለጠፈ ደቃቅ ጥቁር ጭቃ የተለመደ ነው። የሚቆረቁር ስባሪ ብረት ካገኛችሁ ግን ያ መኪና ረጅም መንገድ አይሄድም።

ማርሽ ስታስገቡ ወይም ነዳጅ ለቃችሁ እንደገና ስትሰጡ አንዴ "ኳ" የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሮቼራ (ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያ) ነው። በዝግታ ስትሄዱ እንደ ወፍ ጭው ጭው ካለ ደርቋል፤ ግራሶ ይፈልጋል። ክሮቼራ ርካሽ ሥራ ነው ብላችሁ አትናቁት። በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ዘንጉ መሬት ይመታል።

ፍሬን ስትይዙ ብረት ለብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሰማችሁ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ታምቡሩን እየበላው ነው። ከጎማው ውስጠኛ ጎን ዘይት ካያችሁም ከአክሱ (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ) ያፈሰሰ ዘይት ሸራውን አርሶት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሊማሊሞን ለመውረድ እንዳታስቡ። ደህና ፍሬን ያለው መኪና እንኳ እዚያ ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል።

ወዲያው የሚያስቆም አንድ ድምፅ አለ። ጎማው በዞረ ቁጥር ቷ ቷ የሚል፣ ስትፈጥኑ የሚፈጥን፣ መሪው ወይም ወንበሩ ሲርገበገብ የሚሰማ። ጎማው ላይ የተሰካ ጠጠር ቢሆን እሰየው። የላላ የጎማ ማሰሪያ ዳዶ ከሆነ ግን ጎማው ሊወልቅ ነው። ዳር ይዛችሁ ቁሙና አጥብቁ። ጎሚስታ ጎማ ፈትቶ ከገጠመላችሁ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ልማድ ይሁንላችሁ።

ከከተማ ልትወጡ ካሰባችሁ ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ድምፅ ያለው መኪና ይዞ በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ መቅረት ለእናንተም ለቤተሰባችሁም ጥሩ አይደለም።

ጋራዥ ስትገቡ መካኒኩን ከጎናችሁ አስቀምጡና አብራችሁ ንዱ። ድምፁን ራሱ ይስማ። ወጣት ቢሆንም "አንተ" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያከበሩት ባለሙያ እጁን አይሰስትም። የጎንደር መካኒክ ጎበዝ ነው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መሣሪያና ጥሩ ዕቃ ነው። ምን እንደሚፈታና ስንት እንደሚፈጅ ሳትስማሙ ሥራ አይጀመር። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ዕቃ ከአሜሪካ ይዛችሁ እንድትመጡ ከተጠየቃችሁ ዝም ብላችሁ "የቶዮታ ኩሽኔታ" ብላችሁ አትግዙ። ሃይሉክስና ሃይስ አሜሪካ ገበያ ላይ አይሸጡም። እዚያ ካለው ቶዮታ የሚገኘው ዕቃ ላይገጥም ይችላል። ቤተሰብ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ኩሽኔታው ከወጣ ደግሞ ጠርዙ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። በነዳጅ ጠረግ ሲደረግ ይነበባል። በዚያ ቁጥር የትም አገር ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ ከጠፋ የውስጡን ቀዳዳ፣ የውጩን ስፋትና ውፍረቱን በሚሊሜትር አስለክታችሁ ያዙ።