ብሎክቼይን ትምህርት ቤትን ይቀይራል ወይ? ከሬጅስትራር ጠረጴዛ ያየሁት

መምህር፣ «ብሎክቼይንና ያልተማከለ ኢንተርኔት ትምህርት ቤታችንን ይቀይሩታል? ብንጀምርስ ከየት እንጀምር?» ብለው ለጠየቁት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ብሎክቼይን ማለት ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀመጥ፣ አንዴ የተጻፈበት የማይሰረዝ የጋራ መዝገብ ነው፤ «ሰንሰለት» የምለውም እሱን ነው። ያልተማከለ ኢንተርኔት ደግሞ ፋይሎች በአንድ ድርጅት ሰርቨር ሳይሆን በብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጡበት ነው። ለዓመታት ሬጅስትራር ቢሮ ሠርቻለሁ። ሰርተፍኬትን በብሎክቼይን የማረጋገጥ ሙከራ ላይም ተሳትፌያለሁ። በእኔ እምነት የሚቀየረው ማስተማሩ ሳይሆን ማስረጃው ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዲት ልጅ ሁሌም ትዝ ትለኛለች። የተማረችበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ማህደሯ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እጇ ላይ የነበረው ታጥፎ ታጥፎ መሃሉ ሊቀደድ የደረሰ አንድ ፎቶ ኮፒ ነው። ማህተሙ ጥቁር ጥላ ሆኗል። ትክክለኛ ይሁን ፎርጅድ፣ ደውለን የምንጠይቀው ሰው አልነበረም። ሳንቀበላት ቀረን። እኔ ግን እስከ ዛሬ ተምራለች ብዬ አምናለሁ።

ብሎክቼይን የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነው። ትምህርት ቤቱ ዲጂታል ሰርተፍኬቱን በሚስጥር ቁልፉ፣ ማለትም እሱ ብቻ በያዘው ረጅም ሚስጥራዊ ቁጥር፣ ይፈርማል። ከፋይሉ «ሃሽ» የሚባል፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር ኮድ ይወጣል። ሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረው ኮዱ ብቻ ነው፤ ሰነዱ ተማሪዋ ዘንድ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሲያሳዩኝ ትራንስክሪፕቱ ላይ 78 የሚለውን 87 አድርጌ እንደገና አስላሁት። 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ጭራሽ ሌላ ሆኖ ወጣ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ኮዱ አይጠፋም። ብቻ ቁልፉ የማን እንደነበር የሚመሰክር መዝገብ ከትምህርት ቤቱ ውጭ መቀመጥ አለበት። ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ነገሩ ከተጀመረም ቆይቷል። የቆጵሮሱ ኒኮሲያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የኮርስ ሰርተፍኬቶቹን በቢትኮይን ሰንሰለት አስመዝግቧል። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ በ2017 ብሎክሰርትስ በተባለው ክፍት ስታንዳርድ ለ111 ተመራቂዎች ከወረቀቱ በተጨማሪ ዲጂታል ዲፕሎማ ሰጥቷል። ሲንጋፖርም በ2019 ኦፕንሰርትስ የተባለውን ተመሳሳይ የማረጋገጫ ሥርዓት አስጀምራለች።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ሰንሰለቱ የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ የተጻፈው እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም። በእኛ ሙከራ የአንድ ተማሪ የአባት ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ገባ። ወረቀት ቢሆን ቀደን ሌላ እናትማለን። እዚህ ግን ስርዝ ድልዝ የለም፤ የመጀመሪያውን ሽረን አዲስ አወጣን። ስህተቱ ከየት መጣ ብለን የድሮ ሮስተሮችን ስናገላብጥ፣ የዚሁ ልጅ ስም በሦስት ክፍል ሦስት ዓይነት ተጽፎ አገኘን። ዋናው ሥራ ማህደር ክፍል ውስጥ እንዳለ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። የመፈረሚያው ቁልፍ አንድ ባልደረባችን ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። ላፕቶፑ አንድ ቀን አልነሳ አለ። ሌላ ቅጂ የለም። «ረሳሁት፣ ቀይሩልኝ» የሚባልበት ቦታም የለም። ሙከራ ስለነበር ተረፍን።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት፦ የልጅ ስም፣ ውጤት ወይም የዲሲፕሊን መዝገብ ሰንሰለቱ ላይ በፍጹም አይጻፍ። አይሰረዝም። በ14 ዓመቱ ያጠፋው ጥፋት 30 ሲሞላው ሊከተለው አይገባም። ሃሹም ቢሆን ስምና ውጤት ብቻ ካለበት በግምት ሊደረስበት ስለሚችል፣ ሰነዱ ውስጥ ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ይጨመርበት።

ያልተማከለው ኢንተርኔት ለመማሪያ መጻሕፍት ሊጠቅም ይችላል። ለምሳሌ አይፒኤፍኤስ የተባለው የፋይል ማጋሪያ ሥርዓት ፋይልን የሚፈልገው በተቀመጠበት ሰርቨር ሳይሆን በይዘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቱርክ ውስጥ ዊኪፒዲያ ሲዘጋ የቱርክኛው ቅጂ በዚህ መንገድ ተለቋል። ነገር ግን ፋይሉን ይዞ የሚቆይ ኮምፒውተር ከሌለ እሱም ይጠፋል።

እኔ ብሆን ሰንሰለቱን ለጊዜው ትቼ በዲጂታል ፊርማ እጀምራለሁ። የድረ ገጽ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የዲጂታል ማስረጃ ስታንዳርድ ብሎክቼይን ግዴታ ነው አይልም። ቁልፉን ሁለት ኃላፊዎች በተለያየ ቦታ ይያዙት። ከዚያ በፊት ግን የዘንድሮ ተመራቂዎችን ዝርዝር አትሙና እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ስም ፊደል በፊደል አንብቦ ይፈርምበት።