በጉዲፈቻ የምታሳድግ እናትም የእረፍት ፈቃድ ይገባታል

እህቴ፣ «በጉዲፈቻ ወይም በፎስተር (ለጊዜው በአደራ) ልጅ የሚወስዱ ቤተሰቦችን ለማገዝ መንግሥት የትኛውን ሕግ ቢያሻሽል ይሻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሴት ልጅ በጉዲፈቻ እያሳደግኩ ስለሆነ ካየሁት ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ከሥራ የሚሰጠው የእረፍት ፈቃድ ይስተካከል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። ፈቃዱ የሚቆጠረው ከእርግዝናና ከወሊድ ስለሆነ እንደ እኔ ያለችው አትገባበትም። ልጄ ከማሳደጊያ ስትመጣ ገና ጥርስ አላወጣችም ነበር። ሌሊት አትተኛም፣ ሳቅፋት ሰውነቷ ይደርቃል፣ የጣሳ ወተቱም አልስማማት ብሎ ነበር። መሥሪያ ቤቴን ፈቃድ ስጠይቅ «አልወለድሽም እኮ» አሉኝ። ያለኝ የዓመት ፈቃድ ብቻ ነበር፤ እሱም በሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሲያልቅ ለሞግዚት ትቻት ወጣሁ። ማሳደጊያ ውስጥ ተንከባካቢዎች በፈረቃ ሲለዋወጡባት የኖረች ሕፃን እኔንም ገና ሳትለየኝ ሌላ አዲስ ሰው እጅ ገባች። ይህ ፈቃድ ለእናቲቱ ምቾት የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ የሕፃኑ መብት ነው። ልጁ ቤት ከገባበት ቀን ይቆጠር፤ ለአባትየውም የወሊድ ጊዜ ሕጉ ከሚሰጠው 3 ቀን በላይ ይሰጠው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ሲያስቀር ደግፌ ነበር፤ አሁንም እደግፋለሁ። ግን ልጆቹ እዚሁ ይደጉ ካልን የሚያሳድጋቸውን ቤተሰብ ባዶ እጁን መተው አይቻልም። በተለይ በፎስተር የወሰዱት ይጎዳሉ። አንዲት የማውቃት አሳዳጊ፣ የወሰደችው ልጅ ታሞ ሆስፒታል ስትሄድ ለሕክምናው መፈረም አትችይም ተብላ ፈራሚ ፍለጋ ስትንከራተት ዋለች። ለእነዚህ ሰዎች ቢያንስ የወተትና የሕክምና ወጪ ይደገፍ፣ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም የሚቀበለው ወረቀት ይሰጣቸው።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ጉዳይ አለ። በየሰፈሩ የሟች እህቱን ወይም የጎረቤቱን ልጅ በቃል ብቻ ወስዶ የሚያሳድገው ስንት ነው! የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ግን ፍርድ ቤት ያላጸደቀውን የጉዲፈቻ ስምምነት አያውቀውም። አሳዳጊው ሳይናዘዝ ከሞተ ልጁ እንደ ልጅ አይወርስም። ሰፈራችን ውስጥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚያው ያደገች ልጅ፣ አሳዳጊዋ በሞቱ ከአርባው በኋላ ዘመዶች መጥተው ከቤት አስወጥተዋታል። ሽማግሌ ቢሰበሰብም በእጇ ወረቀት ስላልነበረ አልሆነም። ወረዳው ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) መድቦ እንዲህ ያሉትን ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይመዝግብ፣ ፍርድ ቤት እንዲያጸድቁም ይርዳቸው።

ማጣራቱ ይቅለል በሚሉት ግን አልስማማም። ዳኛው የልጁን ሐሳብ መስማቱ፣ አሳዳጊው ማሳደግ መቻሉንና ልጁን ለሌላ ዓላማ እንደማይፈልገው ማየቱ መቅረት የለበትም። መቅረት ያለበት አንዱን ማስረጃ እየደጋገሙ ከቢሮ ቢሮ ማመላለሱ ነው። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ባለሙያ እየመጣ ይጠይቀን፤ እኔን እስከ ዛሬ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም።