መልስ፦ ከጎተንበርግ በስተሰሜን 3 ቀን

ወንድሜ፣ ጁላይ ላይ ጎተንበርግ እህትህ ጋ ስትመጣ 3 ቀን ወጣ ብለህ የስዊድንን ምዕራብ ዳርቻ ለማየት የት የት ልሂድ ብለሃል። ስሞገን ሁሉም የሚጠራልህ ቦታ ነው፤ ያምራል፣ ግን በዚያ ወቅት ሰው በሰው ላይ ነው። እኔ ብሆን ፊየልባካ አድር ነበር። ከከተማዋ ጀርባ ያለው አለት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ መሃሉ ላይ ግዙፍ ድንጋዮች ተቀርቅረው ከአናትህ በላይ ተንጠልጥለው ታያለህ። ጫፉ ላይ ስትወጣ ደሴቶቹ ፊትህ ይዘረጋሉ።

ታኑምን ግን እንዳትዘላት! የነሐስ ዘመን ሰዎች አለቱ ላይ ጀልባ፣ እንስሳና ጦረኛ ቀርጸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርጾቹ ላይ የምታየው ቀይ ቀለም የጥንት እንዳይመስልህ፤ ለጎብኚ እንዲታይ በዘመናችን የተቀባ ነው። እዚያው ታኑም፣ ቪትሊከ በሚባለው አለት ላይ «ሙሽሮቹ» የሚባሉትን የተቀረጹ ጥንዶች ፈልጋቸው። ያልተቀቡትን ለማየት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂድ፤ ያኔ ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል።

ጊዜ ከተረፈህ ከስትሮምስታድ በጀልባ ወደ ኮስተር ደሴቶች ተሻገር። መኪናህን ወደብ ትተህ እዚያ ሳይክል ትከራያለህ። ማደሪያ ካሁኑ ያዝ፣ ስዊድኖቹም ያኔ እረፍት ላይ ናቸው። ጃኬትም አትርሳ፣ ነፋሱ በጋ ነው ብሎ አይምርህም።