የኋላ መብራት ሲበራ ፊውዝ ለሚያቃጥል አሮጌ ሃይሉክስ

ወንድሜ፣ የ1989 ሞዴል ሃይሉክስህ የኋላ መብራት ባበራህ ቁጥር ፊውዝ ያቃጥላል፤ አንድ ሰው ደግሞ «30 አምፔር አስገባበት» ብሎሃል። እባክህ እንዳታደርገው! ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ከልኩ በላይ ካስገባህ ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው ዳሽቦርድ ውስጥ ይነዳል። 15 የተጻፈበት ቦታ 15 ብቻ ነው የሚገባው።

ደግሞ አስበው። በዚሁ ፊውዝ የሚበሩት ፓርኪንጉ፣ የታርጋው መብራትና የዳሽቦርዱ ትንንሽ አምፖሎች ተደምረው ከ4 አምፔር ብዙም አያልፉም። ስለዚህ 15ቱን የሚያቃጥለው ጭነት አይደለም። የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ከቦዲው ጋር ኮንታክት አድርጓል።

እኔ የምሠራበት ዘዴ ፊውዝ አያስጨርስም። የተቃጠለውን አውጣና በቦታው ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ አገናኝ። ከዚያ መብራቱን ክፈት። ኮንታክት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል። ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦህ አይጎዳም። አምፖሉ ግን ይግላል፤ ወንበር ወይም ፕላስቲክ ላይ አታስቀምጠው። አሁን ተረጋግተህ የመብራቶቹን ሶኬቶች አንድ በአንድ ንቀል። የቱን ስትነቅል ደብዘዝ ካለ፣ ችግሩ ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው። ጭራሽ ካልጠፋ አትደናገጥ፤ ጤነኞቹ አምፖሎችም ትንሽ ይስባሉ።

ካሶኒው ስር ግባና በሻንሲው ላይ የሚሄደውን ሽቦ እየነካካህ ተከተል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ቁም። የእኔ መኪና ላይ ሽቦው ወደ ታርጋ መብራት የሚገባበት ቀዳዳ ጎማው ወልቆ ነበር። የብረቱ ጠርዝ ሽፋኑን ልጦ መዳቡን አውጥቶታል፤ ብረቱም ላይ ጥቁር የእሳት ነጥብ ነበረበት። ጭቃውን ሳልጠርግ አይታይም ነበር።

ስትጠግን መጀመሪያ የባትሪውን ማሳ (ኔጋቲቩን) ፍታ። አረንጓዴ የሆነውን መዳብ ቆርጠህ ጣል፣ በሊድ በይደህ አያይዝ፣ በናስትሮ ጠቅልል። ቀዳዳው ላይ ጎማ ካላደረግክ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ኋላው ንጹህ ከሆነ ባለ ሁለት ክሩን የስቶፕ አምፖል አውጥተህ እየው፤ የተበጠሰ ክር ሌላው ላይ ተጣብቆ ያሳስታል። ሬዲዮ በቅርቡ ካስቀየርክ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተወውና ከሬዲዮው ጀርባ ጀምር። የድሮው ሬዲዮ የመብራት ሽቦ ጫፉ ሳይሸፈን ብረት ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።