የቻይና ሰርግ ተጠርታችሁ ግራ ለገባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ቻይና ከገባሁ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ዉሃን ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ጓንግዡ እሠራለሁ። በዚህ መሃል ሰባት ሰርግ በልቻለሁ፤ ሁለቱን ገጠር። በሜይና በኦክቶበር መጀመሪያ ያሉት ረጃጅም በዓላት የሰርግ ሰሞን ናቸው፤ ያኔ ስልኬ በሐበሻ ጥያቄ ይጨናነቃል። ዘንድሮ «በአንዴ ጠይቁኝና በአንዴ ልመልስ» አልኩ። ይኸው።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤት ልጅ ሰርጉን ጠራኝ። ስንት ነው የሚሰጠው?

መልስ፦ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። ስጦታው ገንዘብ ነው፤ በቀይ ፖስታ ይሰጣል፣ ሆንግባኦ ይሉታል። ዉሃን እያለሁ ለባልደረባ 600 ወይም 800 ዩዋን፣ ለቅርብ ጓደኛ 1000 እና ከዚያ በላይ ነበር የምንሰጠው። ከተማ ከከተማ ይለያያል። አብሮህ የተጠራ ቻይናዊ ባልደረባህን «አንተ ስንት ልታስገባ ነው?» በለው። ነውር የለውም፤ እነሱም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

ዋናው ቁጥሩ ነው። ጥንድ ይሁን፤ ጎዶሎው ለለቅሶ ነው። ግን ጥንድ ሆኖም 4 አይነካም። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያ ሰርጌ ላይ 400 ይዤ ሄድኩ። ተማሪ ነበርኩ፤ ለእኔ ትልቅ ብር ነው። ሰርጉ ገጠር ነበር። ግቢው በር ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ከኋላው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ቀይ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፖስታዬን ፊቴ ከፈቱት። ቆጠሩ። እስክሪብቷቸውን አነሱና እንደያዙት ቀሩ። አራት በቻይንኛ «ስ» ነው፣ ሞትም «ስ» ነው፤ የሚለያቸው የድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ። አብሮኝ የሄደው የዶርም ጓደኛዬ ነገሩ ገባውና ከኪሱ 200 መዞ ጨመረ። «600!» አለ ጮክ ብሎ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ጻፉ።

6 ነገር እንዲቃና፣ 8 ሀብት እንዲመጣ ነው፤ በሁለቱ አትሳሳትም። 250 ግን እንዳትሞክር፤ ጥንድ ቢሆንም ቁጥሩ ራሱ «ጅል» የሚል ስድብ ነው። ብሩ አዲስና ያልተጨማደደ ይሁን። ስምህን ፖስታው ጀርባ ላይ ጻፍ፤ በቀይ እስክሪብቶ ግን አይደለም። የሰው ስም በቀይ መጻፍ ክፉ ምልክት ነው።

መዝገቡ ለምን አስፈለገ ብትለኝ፣ ብድር ስለሆነ ነው። አንተ ስትዳር እሱ ገልጦ አይቶ ይመልሳል፤ ትንሽ ጨመር አድርጎ። የእቁብ ጸሐፊ የሚያውቅ ሐበሻ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ጓንግዡ ነው። ፖስታውን ሰጠኋቸው፣ ጫፉን አጠፉና መልሰው ሰጡኝ። አንሷቸው ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ጓንግዡ ላይ ልማዱ ነው። «ቡራኬህን ተቀብለናል፣ ገንዘብህን ያዝ» ማለት ነው። ተቀብለህ አመስግን፤ ግብግብ እንዳትገጥም። ለሰርግ ርካሽ ከሆኑት ከተሞች አንዱ ደርሶሃል።

ጥያቄ፦ ሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ብሄድ ደስ ይላቸዋል ወይስ ይቀየማሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ሳትሄጂ በመጠየቅሽ ጎበዝ ነሽ። ነጭ በቻይና የቆየው ትርጉሙ ሐዘን ነው። ሙሽራዋ ዛሬ የፈረንጅ ነጭ ቬሎ ትለብሳለች፤ ያ የእሷ ነው፣ ሌላ ሰው አይጋፋትም። ችግሩ ቀሚሱ ላይ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ነጠላውን ነው የምፈራው። ገጠር ለቅሶ ላይ የሟች ልጆች ነጭ ጨርቅ ራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። አንቺ ነጠላሽን ተከናንበሽ አዳራሹ በር ላይ ብትታዪ፣ የሙሽራው አያት ልባቸው ቀጥ ይላል።

ሐበሻ ልብስ መልበስ ከፈለግሽ ባለቀለሙን ምረጪ፤ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ወርቃማ። ሙሉ ቀዩን ተዪው፤ ሙሽራዋ ቬሎዋን ቀይራ በየጠረጴዛው ስትዞር የምትለብሰው ቀዩን ነው። ለወንዶቹ ደግሞ አንድ ነገር፦ አረንጓዴ ኮፍያ በሰርግ ቀን ይቅርና በሌላም ቀን አታድርጉ። «ሚስቱ ትማግጥበታለች» ማለት ነው። ባንዲራችን ያለበት ኮፍያ ያላችሁ፣ አረንጓዴው ከበዛ ቤት ተዉት።

ጥያቄ፦ ሚዜ ሁን አሉኝ። ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ እንቅልፍ ማጣት። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሙሽራዋ ቤት ትሄዳላችሁ። ሚዜዎቿ በሩን ይቆልፋሉ፤ በዚህ እንኳ እኛም አንታማም። በበሩ ስር ትንንሽ ሆንግባኦ ታስገባላችሁ፣ «አነሰ!» ይሏችኋል። ፑሽ አፕ ያሠሯችኋል፣ ያዘፍኗችኋል። ገብታችሁም አላለቀም፤ ጫማዋን ደብቀውታል። እኔ መጋረጃ ዘንግ ላይ የታሰረ ጫማ ለማውረድ የአልጋ ጠርዝ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቁመቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ የሻይ ሥርዓት አለ። ሙሽሮቹ ለወላጆች ሻይ በሁለት እጅ ያቀርባሉ፤ ሙሽራው አማቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ «እማዬ፣ አባዬ» ብሎ ይጠራል። ለዚህ ጥሪ ብቻ የተለየ ሆንግባኦ አለ። ከሁሉም ሥርዓት እኔን ሆዴን የሚያባባው ይሄ ነው። አማቱ ጽዋውን ሲቀበሉ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

አንዳንድ ቦታ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን በጨዋታ ስም የሚያዋርዱ አሉ። ሴት ሚዜ ላይ እጅ የሚሰድዱም አይጠፉም። ቻይናውያኑ ራሳቸው ይጠሉታል። እንዲህ ዓይነት ነገር ከመጣ «ባህላቸው ነው» ብለህ አትሳቅ፤ ውጣ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ልድረስ?

መልስ፦ ጥሪው ላይ 11:58 ወይም 12:08 (በፈረንጅ ሰዓት፣ እኩለ ቀን ገደማ) የሚል ብታይ ስህተት አይደለም፤ 8 እንዲገባበት ነው። እንደ ሐበሻ አርፍደህ ከሄድክ ሳህን ሲነሳ ትደርሳለህ። መድረኩ ያልቃል፣ ይበላል፣ ሰው ይነሳል። ጭፈራ እስኪነጋ የምትጠብቅ ከሆነ ታዝናለህ። ሰሜኑ ቀን ላይ ይበዛል፤ እዚህ ጓንግዶንግ፣ ጓንግዡ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ ማታ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ማህጆንግ የሚባለውን የቻይና ጨዋታ ይጫወታል።

ጥያቄ፦ ጾም ነው። ደግሞ መጠጥ አልወስድም። እንዴት ልሁን?

መልስ፦ ቀድመህ ንገራቸው። «ወ ቺ ሱ» በል፣ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ግር አይላቸውም፤ በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1 እና 15 ከሥጋ የሚጾሙ ቡድሂስት እናቶች ብዙ ናቸው። ግን ክብ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ዓሣ፣ ሙሉ ዶሮ፣ የአሳማ ሥጋ ይደረደራል፤ ጎመኑም በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤትህ ቀምሰህ ሂድ። ሙስሊም ከሆንክ «ቺንግጀን» የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ ሐላል ማለት ነው።

መጠጡ ባይጅዩ ነው። ብዙውን ጊዜ አልኮሉ ከመቶ 50 ያልፋል፤ ከአረቄያችን ጋር ለማወዳደር አትቀመጥ። ሙሽሮቹ ጠረጴዛችሁ ሲደርሱ ተነስተህ ብርጭቆህን ከታላላቆቹ ዝቅ አድርገህ ታጋጫለህ። የማትጠጣ ከሆነ ሻይ ቅዳና «ዪ ቻ ዳይ ጂዩ» በል፤ በመጠጥ ፈንታ ሻይ ማለት ነው፣ የታወቀ አባባል ነው። በነገራችን ላይ ሙሽራው በ20 ጠረጴዛ ሲዞር ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ሚዜ ሆኜ የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ልጅቷን ሁለቴ ነው ያየኋት። ለምንድን ነው የጠራችኝ?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርሽ? አንዳንዴ ለጌጥ ነው። የውጭ ሰው ሰርጋቸው ላይ መታየቱ ለቤተሰቡ «ሚየንዝ» ነው፤ ፊት፣ ክብር። አስተዋዋቂው ማይክ ይዞ መጥቶ «አንድ ነገር በይልን» ሊልሽ ይችላል። ሁለት ቃል አጥኚ፦ «ሺንሁን ክዋይለ»፣ መልካም ጋብቻ። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር። አሁን ፎቶውን እነሳለሁ፣ ለእንግዳ የሚታደለውን የሰርግ ከረሜላዬን ይዤ እወጣለሁ። ደስ ካላለሽ አለመሄድም መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰርጉ በፊት ተጋብተዋል ይሉኛል። ተጭበርብሬ ነው?

መልስ፦ የለም። ሕጋዊው ጋብቻ የሲቪል ጉዳዮች ቢሮ የሚሰጠው ቀይ ደብተር ነው፤ ከሰርጉ ወራት ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ክፍያ የለውም፤ ከሜይ 2025 ወዲህ ደግሞ ከሙሽሮቹ የአንዱ ነዋሪነት እስከተመዘገበበት ቦታ ድረስ መሄድ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ከብር ሌላ ዕቃ ብወስድስ?

መልስ፦ የጠረጴዛ ወይም የግድግዳ ሰዓት አይሆንም፤ «ሰዓት መስጠት» ሲባል «ሟችን መሸኘት» ከሚለው ጋር ድምፁ አንድ ነው። ጃንጥላም ይቅር፤ «መለያየት»ን ያስታውሳል። ከአገር ያመጣኸው ቡና ካለ ግን ሁለት እሽግ፣ በቀይ ሪባን። አንድ ብቻ አትውሰድ።

ጥያቄ፦ ተጠርቼ መሄድ ባልችልስ? ደግሞ እኔ አገሬ እገባለሁ፤ ብድሩ የት ይመለስልኛል?

መልስ፦ ካልሄድክም በዊቻት ይላካል፤ መልእክትም ገንዘብም የሚላክበት የቻይና የስልክ መተግበሪያ ነው። እዚያ ያለው ቀይ ፖስታ በአንዴ ከ200 ዩዋን በላይ ስለማይቀበል «ማስተላለፍ» የሚለውን ተጠቀም። ብድሩን በተመለከተ እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው። አምና አዲስ አበባ ሄጄ ተሞሸርኩ። ለቻይና ወዳጆቼ ፎቶ ብቻ ነበር የለጠፍኩት። ማታ ዊቻቴ ጮኸ፤ ያ የመጀመሪያው የገጠር ሙሽራ ነው። 800 ዩዋን ልኮልኛል። ከስሩ «አባቴ መዝገቡን አይቶ 600 ነው አለ» ይላል። 200ውን ወዲያው ለዶርም ጓደኛዬ አስተላለፍኩለት። አልቀበልም ብሎ መለሰው።