ከመሐል ወንበር የተጻፈ ደብዳቤ

ለወጣት ሙዚቀኞች፣

ብዙዎቻችሁ ሙዚቃ የምትሠሩት ብቻችሁን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ። ድራሙም፣ ቤዙም፣ ትራምፔቱም ከዚያው ይወጣል። አልቃወምም፤ በዚህ መንገድ የተሠራ ጥሩ ሥራ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ትራምፔት ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። እስቲ ዛሬ ስለ ትልልቆቹ የስዊንግ (ለጭፈራ የሚመች የጃዝ ዓይነት ነው) ባንዶች ላጫውታችሁ። ያ ሙዚቃ እስከ ዛሬ ያልደበዘዘው ለምን እንደሆነ ከተቀመጥኩበት ወንበር በደንብ ይታያል።

በ1930ዎቹ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አሜሪካ ውስጥ ባንድ ሲባል 14፣ 15፣ አንዳንዴም 16 ሰው ነበር። ከፊት ሳክስፎኖች፣ ከኋላቸው ትራምፔትና ትሮምቦን፣ ከጎን ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። ሳክስፎኖቹ አንድ ሐረግ ይጥላሉ፤ ትራምፔትና ትሮምቦኖቹ ይመልሳሉ። አውራጅና ተቀባይ ሲሰማ ላደገ የእኛ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥቁር አሜሪካውያን ከቤተ ክርስቲያናቸውና ከሥራ ዘፈናቸው ያመጡት ነው።

ስዊንጉ ራሱ ግን ኖታ ላይ የለም። ወረቀቱ ላይ ሁለት እኩል ኖታዎች ተጽፈዋል። ሲነፉ የመጀመሪያው ረዘም፣ ሁለተኛው አጠር ይላል። በምን ያህል? እንደ ፍጥነቱ ነው። ዘፈኑ ቀስ ሲል ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሲፈጥን እየጠበበ ሄዶ እኩል ሊሆን ይደርሳል። ታዲያ 4 ትራምፔቶች ይህን እንደ አንድ ሰው እንዴት ይነፉታል? መሪውን፣ የመጀመሪያውን ትራምፔት ነፊ፣ እየሰሙ ነዋ። ኖታውን የት እንደሚቆርጥ፣ የት እንደሚተነፍስ፣ የቱ ላይ ጫን እንደሚል ተከትለው ይነፋሉ። የሁለተኛው ወንበር ሥራ ይኸው ነው። በደንብ ከሠራችሁት ማንም አያያችሁም። ከሳታችሁ ግን አዳራሹ በሙሉ ይሰማል። (ክፍያውም ከመሪው ያንሳል። ይህንን አልደብቃችሁም።)

ፍሬዲ ግሪንን ፈልጋችሁ ስሙ። በ1937 የፒያኖ ተጫዋቹ የካውንት ቤዚ ባንድ ውስጥ ጊታሪስት ሆኖ ገባ፤ በ1987 እስኪሞት ድረስ እዚያው ነበር። 50 ዓመት! ሶሎ ሲጫወት የተሰማው ከስንት አንዴ ነው። ያለ ማጉያ፣ በአንድ ባር (ዘፈኑ የሚቆጠርባት አንድ ዙር ምት) አራት ምት፣ በቃ። መጀመሪያ ስትሰሙ ጊታር ያለ አይመስላችሁም። ደግማችሁ ስሙ። ከቤዙና ከድራሙ ጋር ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ቤዚ ራሱ ፒያኖው ላይ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል አድርጎ ዝም ይላል። እንደ እኔ ግምት ያን ያህል ዝም ለማለት የደፈረው ከጎኑ ፍሬዲ ስላለ ነው። ዛሬ ስንት ኪቦርድ ተጫዋች ነው ለ4 ባር እጁን አንሥቶ የሚቀመጠው?

ሌላው ነገር ጭፈራ ነው። ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ በ1926 የተከፈተ ሳቮይ የሚባል የዳንስ አዳራሽ ነበር። ሁለት መድረክ ስለነበረው አንዱ ባንድ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ጥቁርና ነጭ አብሮ መጨፈር ብርቅ በነበረበት ዘመን እዚያ አብረው ይጨፍሩ ነበር። በ1937 «የስዊንግ ንጉሥ» የሚባለው ቤኒ ጉድማን ከነባንዱ መጥቶ ከቤቱ ባንድ ጋር ተፋጠጠ። የቤቱ መሪ ድራመሩ ቺክ ዌብ ነበር። ልጅ ሳለ በያዘው የአከርካሪ በሽታ የጎበጠ አጭር ሰው ነው። አሸናፊ የተባለው እሱ ነው! ጨፋሪው የሚወደውን ፍጥነት ያውቅ ነበር፤ በየምሽቱ እግራቸውን እያየ ነዋ የሚመታው።

ከዚያው አዳራሽ ፍራንኪ ማኒንግ የሚባል ጨፋሪ ወጣ። ዘመኑ ሲያልፍ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በ1980ዎቹ ከካሊፎርኒያና ከስዊድን የመጡ ወጣቶች ፈልገው አገኙትና አስተምረን አሉት። በ2009፣ 95 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እስኪሞት ድረስ አገር ለአገር እየዞረ አስተማረ። ዛሬ በየከተማው ስዊንግ የሚጨፍሩት ልጆች አብዛኞቹ አያቶቻቸው እንኳ ያንን ዘመን በወጉ አያስታውሱትም። ስለዚህ ነገሩ ናፍቆት ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ዘመኑ በእርግጥ አጭር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙዚቀኞቹን ወሰደ፣ ቤንዚንና ጎማ በራሽን ሆነ። በ1944 ደግሞ በሚጨፈርባቸው ቤቶች ላይ 30 በመቶ ግብር ተጣለ። ያን ሁሉ ሰው ይዞ መዞር አላዋጣም። እኛም አገር የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ያንን የሚያህል የትንፋሽ ክፍል ማቆየት የቻሉት ደመወዙን መንግሥት ስለሚከፍል ነበር። የጥላሁን ገሠሠን የክቡር ዘበኛ ዘመን ዘፈኖች ስትሰሙ ለአንዴ ድምፁን ተዉትና ከኋላ ያሉትን ሳክስፎኖች ተከተሉ።

ከዚያ ዘመን ታላላቅ የባንድ መሪዎች አንዱ ዱክ ኤሊንግተን ራሱ በኅዳር 1966 በእኛ አቆጣጠር ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ንጉሡ ሜዳሊያ ሸለሙት። ኤሊንግተን ቅንብሩን የሚጽፈው ለወንበር ሳይሆን ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ነበር። ባሪቶን ሳክስፎን የሚነፋው ሃሪ ካርኒ ከ1927 ጀምሮ ኤሊንግተን እስኪሞት ድረስ አልተለየውም። ለእሱ የተጻፈውን ሌላ ሰው ሲነፋው ኖታው ያው ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ይሆናል። ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለው ባሪቶን የማንም አይደለም። እኔን የሚጎድለኝ እሱ ነው።

ብትሰሙኝ በዚህ ወር 4 የትንፋሽ ሰዎች ፈልጉ። ሁለቱ ጀማሪ ቢሆኑም ግድ የለም። አንድ የ8 ባር ሐረግ ስጧቸው፣ ማይኩን አጥፉ፣ ድራሙንም አስቀሩ። አራቱም ኖታውን እኩል ጀምረው እኩል እስኪጨርሱ ደጋግሙት። በድካም ይሰለቻቸዋል፤ ቡና አጠጧቸውና እንደገና። ከዚያ መጨፈር የሚወዱ ጓደኞቻችሁን ጥሩ፣ ፍጥነቱን እነሱ ይምረጡት። ለነፊዎቹ ቢያንስ ትራንስፖርት ቻሉላቸው፤ ዛሬ እንደ ድሮው የሚከፍላቸው መንግሥት የለም።